ደመወዝ በሙራባሃ አይከፈልም

ስለ ከወለድ ነፃ ባንክ ሲነሳ ጨዋታው ቶሎ ብሎ አንድ ቦታ ይደርሳል፤ «ያው ወለዱን ትርፍ አሉት እንጂ ምን ተለየ?» የሚለው ላይ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዝቅ ብዬ እመጣበታለሁ። ሰው ቀጥሮ የሚያሠራ አነስተኛ ነጋዴን እንቅልፍ የሚነሳው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ወሩ ሲያልቅ ለሠራተኛ የሚከፈለው ገንዘብ ከየት ይምጣ? ከወለድ ነፃ ባንኮቻችን ዕቃ ለሚገዛ ሰው የሚሆን መልስ አዘጋጅተዋል። ደመወዝ ለሚከፍል ሰው ግን እስካሁን እምብዛም የሚሰጡት የላቸውም።

በምሳሌ እንየው። ስምንት ሠራተኛ ያለው ፈርኒቸር ቤት አለ እንበል። አማካይ ደመወዝ 9,000 ብር ቢሆን በወር 72,000 ብር ይወጣል፤ አሠሪው ለጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶ ሲጨመር 79,920 ብር ይሆናል። ቤቱ ሥራ አላጣም፤ አንድ የግል ትምህርት ቤት የተማሪ ዴስክ አዝዞታል፤ ክፍያው ግን ከርክክብ በኋላ ነው። ለእንጨት፣ ለኤምዲኤፍና ለብረት 1 ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል። ባለቤቱ ወለድ የሚባል ነገር አይነካም፤ ስለዚህ ከወለድ ነፃ አገልግሎት ወደሚሰጥ ባንክ ይሄዳል።

እዚያ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሙራባሃ ነው። ከአቅራቢ ፕሮፎርማ ያመጣል፣ ዕቃው ሲመጣ እገዛለሁ ብሎ ቃል ይፈርማል። ባንኩ ዕቃውን ከአቅራቢው ገዝቶ ባለቤት ይሆናል፤ ከዚያ የገዛበትን ዋጋና የጨመረውን ትርፍ ለይቶ ነግሮት መልሶ ይሸጥለታል። ትርፉ 170,000 ብር፣ የመክፈያው ጊዜ 12 ወር ነው እንበል። የወር ክፍያው 97,500 ብር ሆነ ማለት ነው። እንጨቱ ግቢ ገብቷል፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ በባለቤቱ እጅ ግን አንዲት ብር አልገባችም። የመጀመሪያው ወር ሲደርስ ለባንኩ 97,500፣ ለሠራተኞቹና ለጡረታ 79,920፣ በድምሩ 177,420 ብር ከኪሱ ይጠበቃል። የቤት ኪራይና መብራት ገና አልተነሱም። ዴስኩ ደግሞ ቀለም እንኳ አልተቀባም።

የባንኩ ባለሙያ ክፉ ሆኖ አይደለም። ሙራባሃ ሽያጭ ነው፤ ሽያጭ ደግሞ የሚሸጥ ነገር ይፈልጋል። የሰው ጉልበት ባንክ ገዝቶ መጋዘን አስገብቶ መልሶ የሚሸጠው ዕቃ አይደለም። በመደበኛው ባንክ ይህችን ክፍተት የሚሸፍነው ኦቨርድራፍት ነው፤ ነጋዴው ከሒሳቡ በላይ አውጥቶ ደመወዝ ይከፍላል፣ ገቢው ሲመጣ ከነወለዱ ይመልሳል። እውነቱን ለመናገር ለስምንት ሠራተኛ ቤት ኦቨርድራፍት የሚፈቅድ ባንክም ብዙ የለም። ከወለድ በሚሸሸው ነጋዴ በኩል ግን አማራጩ በስምም የለም።

እዚህ የደረስነው ረጅም መንገድ ተጉዘን ነው። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592/2000 በሩን ገርበብ አደረገው። በ2004 ዓ.ም የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ሥራ ላይ ሲውል አገልግሎቱ በመደበኛ ባንኮች ውስጥ በመስኮት፣ ማለትም ለብቻው በተለየ የአገልግሎት ክፍል ብቻ እንዲሰጥ ወሰነ፤ በዚያን ጊዜ በምሥረታ ላይ የነበረው ዘምዘም ባንክ መንገድ ላይ ቀረ። በ2011 ዓ.ም ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ማቋቋም ተፈቀደ፤ ዘምዘም በ2013 ዓ.ም ሰኔ ላይ ሥራ ጀመረ፣ ሒጅራ ተከተለ፣ በኋላም ሸበሌና ራሚስ ተጨመሩ። መስኮቶቹም አልተዘጉም፤ የንግድ ባንክ ኑር፣ የአዋሽ ኢኽላስ፣ የዳሽን ሸሪክ ዛሬ በየቅርንጫፉ ሰሌዳቸው ተሰቅሏል።

መስኮቶቹን ለባንኮች ተወዳጅ ያደረጋቸው አስቀማጩ ነው። ወደያ (አደራ) ወይም ቀርድ (ያለ ትርፍ የሚሰጥ ብድር) በሚባለው ሒሳብ ገንዘቡን የሚያስቀምጥ ሙስሊም ደንበኛ ምንም አይጠይቅም። ለመደበኛው ቁጠባ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም ዝቅተኛውን ወለድ 7 በመቶ ላይ ቆርጦታል፤ እዚህኛው ሒሳብ ላይ ግን ባንኩ የሚከፍለው ነገር የለም። አስቀማጩ ትርፍ አይጠይቅም፤ የዋጋ ንረቱ ግን እሱን አይምረውም። ትርፍ የሚጋራበት፣ ኪሳራ ቢመጣም በገንዘቡ የሚሸከምበት የሙዳረባ ሒሳብ አለ፤ ሆኖም ልዩነቱን አስረድቶ የሚያስመርጥ የቅርንጫፍ ሠራተኛ ማግኘት ዕድል ነው። እንግዲህ ገንዘቡ በርካሽ ይሰበሰባል፤ ሲበተን ደግሞ ወደ አስመጪው፣ ወደ ተሽከርካሪ ገዢው፣ ማስያዣ የሚሆን ቤት ወዳለው ሰው ያደላል። ብሔራዊ ባንክ በ2015 ዓ.ም ነሐሴ የባንኮችን የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገድብና ጣሪያውን ኋላ ወደ 18፣ ቀጥሎ ወደ 24 በመቶ ሲያነሳ እንዳየነው፣ የሚሰጠው ሲያንስ ከሰልፉ መጀመሪያ የሚወጣው ትንሹ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። ሙራባሃ ከወለድ ብድር ይለያል? ቁርኣን በሱረቱል በቀራ 275ኛ አንቀጽ ላይ ይህንኑ ሙግት ያነሳል፤ ንግድም እንደ ሪባ (ወለድ) ነው የሚሉ ሰዎችን ጠቅሶ፣ አላህ ንግድን ፈቅዶ ሪባን እንደከለከለ ይናገራል። ስለዚህ «አንድ ናቸው» የሚለው ክርክር ትናንት የተወለደ አይደለም። ልዩነቱ በተግባር የሚታይባቸው ቦታዎችም አሉ። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ፣ ነጋዴው ቢዘገይም አያድግም፤ የዘገየ ሰው የሚቀጣው ቅጣት ቢኖር ለበጎ አድራጎት ይውላል እንጂ የባንኩ ገቢ አይሆንም። ከሁሉ በላይ ባንኩ ዕቃው የእሱ በሆነባት ጊዜ ውስጥ አደጋውን ይሸከማል። እንጨቱን የጫነው መኪና ከርክክቡ በፊት ቢገለበጥ የከሰረው ባንኩ ነው።

በእኔ ግምት ጉዳዩ ሁሉ በዚያች አጭር ጊዜ ላይ የቆመ ነው። ባንኩ ዕቃውን ሳያይ፣ ደንበኛውን ወኪሉ አድርጎ «አንተው ግዛ፣ አንተው ተረከብ፣ ከዚያ ለራስህ ሸጥኩልህ» ሲል ጊዜዋ ከወረቀት ወደ ወረቀት መሻገሪያ ትሆናለች። ያኔ የተጠራጣሪው ነጋዴ ጥያቄ ትክክል ይሆናል። የትርፉ መጠን ከገበያው ወለድ ጋር እየተነጻጸረ መቆረጡ ግን፣ ሰው ብዙ ቢያማርርበትም፣ ብቻውን ውሉን አያፈርስም፤ አብዛኞቹ የዘርፉ ዑለማ የሚሉት ይህንን ነው። አንድ ነጋዴ ዋጋውን የጎረቤቱን ሱቅ አይቶ መቁረጡ ሐራም አያደርገውም።

እንዲያውም መርካቶ ይህን ንግድ የሚያውቀው ባንኮች ከመምጣታቸው በፊት ነው። ዱቤ አለ፤ የጅምላ ነጋዴው ለእጅ በእጅ አንድ ዋጋ፣ ለወር ቀጠሮ ሌላ ዋጋ ይነግርሃል፣ ተስማምተህ ትለያያለህ። ዋጋው ሳይቆረጥ «በሚሆነው» ብሎ መለያየት ነው ችግሩ። የባንኩ ሙራባሃ ይኸው ዱቤ ነው፤ የሚለየው ባንኩ ሰውየውን ስለማያውቀው ቤቱን በማስያዣነት መጠየቁ ነው። የዱቤው ነጋዴ ደንበኛው ሰኞ ስንት ጆንያ እንደጫነ፣ ልጁን የት እንደዳረ፣ ዕቁቡን ከፍሎ እንደሆነ ያውቃል።

ከዱቤው የበለጠ የሚገርመኝ ግን የሱቅ ልጅ ነገር ነው። የስልጤና የጉራጌ ነጋዴ ከአገር ቤት የዘመድ ልጅ ያመጣል። ልጁ ሱቁ ውስጥ ያድጋል፣ ዕቃ ይለያል፣ ሒሳብ ይለምዳል፣ ደንበኛ ያውቃል። ከዓመታት በኋላ ጌታው ዕቃ ሞልቶ ሱቅ ይከፍትለታል፤ ካፒታሉ የጌታው፣ ድካሙ የልጁ፣ ትርፉ እኩል። ይህ ሙዳረባ ነው፤ ያውም ባንኮች በብሮሹር ላይ ጽፈው በተግባር የሚሸሹት ዓይነት። ብዙ የዛሬ ባለሀብት በዚህ በር ገብቷል።

ሌላ ገጽታም አለው፣ እሱን ማለፍ አይገባም። ልጁ ሱቅ እስኪከፈትለት ያሉት ዓመታት ስንት ናቸው? በወር ስንት ይታሰብለታል? ብዙ ጊዜ መልስ የለም። ይበላል፣ ይለብሳል፣ ያድራል፤ ቀሪው በጌታው ቸርነት ነው። የእስልምና የቅጥር ሕግ ደግሞ እዚህ ላይ ጥብቅ ነው፤ ሥራውም ክፍያውም ጊዜውም የታወቀ መሆን አለበት። በሱረቱል ቀሶስ ላይ ሙሳ በመድየን ሲቀጠሩ ውሉ ስምንት ዓመት ነው፤ አሥር ቢያደርሱት በፈቃዳቸው። ከወንዝ ማዶ በስደት የመጣ፣ ቤት የሌለው ሰው እንኳ የሚያገለግልበት ጊዜ በቁጥር ተነግሮታል። ኢብን ማጃህ የዘገቡት ሐዲስ ደግሞ የሠራተኛውን ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ስጡ ይላል።

እዚህ ላይ ነጋዴ ወገኖቼ ቅር ቢላቸውም እናገራለሁ። አንድ ከመቶ ወለድ ያለበትን ሒሳብ በጥንቃቄ የሚያዘጋ ሰው፣ ሠራተኛውን ያለ ውል ሲያሠራና ደመወዙን «ገበያ ሲመጣ» እያለ ሲያዘገይ አይቻለሁ። አንዱ ሐራም ነው፣ ሌላው የአሠራር ችግር ነው የሚል ፊቅህ (የእስልምና የሕግ ትምህርት) የለም። የአገሩ ሕግም ብዙ አልራቀም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናውን ነገር የያዘ፣ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ለጨረሰ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ለግል ዘርፉ ዝቅተኛ ደመወዝ ስላልተቆረጠ ክፍያው ላይ ሕጉ ዝም ይላል፤ የተስማሙበትን በወቅቱ መክፈል ላይ ግን አይደለም። የጁምዓ ሶላትን የመሰለው ነገር ደግሞ በልማድ ነው የሚሄደው። መንግሥት መሥሪያ ቤት ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 ይወጣል፤ በግል ድርጅት እንደ ባለቤቱ ነው።

ያ ባለ ፈርኒቸር ቤት ታዲያ 177,420 ብሩን ከየት አመጣው? አንዳንዱ ዕቁብ ይደርሰዋል። ዕቁብ ወለድ የሌለበት፣ ዳኛና ዋስ ያለው፣ እጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ለምን እንዳዋለው የማይጠየቅበት ብድር ነው፤ ደመወዝ ይከፈልበታል። ችግሩ እጣው የሚወጣበት ቀንና የወሩ መጨረሻ ተቀጣጥረው አለመገናኘታቸው ነው። አንዳንዱ ከዘመድ ቀርድ ይለምናል። ሌላው ደግሞ ወደ ባንኩ ተመልሶ በአቋራጭ ይሄዳል።

አቋራጩ እንዲህ ነው። ነጋዴው የሚፈልገው ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ባንኩ የሚሰጠው ዕቃ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያውቀው አቅራቢ ዘንድ ሄዶ ለማይገዛው ዕቃ ፕሮፎርማ ያስቆርጣል። ባንኩ ለአቅራቢው ይከፍላል፤ አቅራቢው ኮሚሽኑን ቀንሶ ቀሪውን በጥሬው ይመልስለታል። ርክክብ ተብሎ የሚፈረመው ወረቀት አለ፤ ዕቃው ግን ከአቅራቢው መደርደሪያ ንቅንቅ አላለም። ውጤቱን አስቡት፦ ነጋዴው የባንኩን ትርፍ ይከፍላል፣ በላዩ የአቅራቢውን ኮሚሽን ይከፍላል፣ በእጁ የገባው ግን ብር በብር ነው። ከወለድ ሸሽቶ ከመደበኛው ብድር የበለጠ ውድ በሆነ ወለድ ላይ አረፈ። ንግድ ቢሮም ባንክ ቤትም ይህን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ሁሉም ፊቱን ያዞራል።

በሌላው ዓለም ይህንኑ ክፍተት ሕጋዊ ወረቀት አልብሰው የሚሸፍኑ ባንኮች አሉ። ተወሩቅ ይባላል፤ ደንበኛው ብረት ወይም ዘይት በዱቤ ይገዛል፣ በዚያችው ሰዓት በባንኩ በኩል ለሌላ በእጅ በእጅ ይሸጥና ገንዘቡን ይቀበላል። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ2009 እ.ኤ.አ. ሻርጃ ላይ ባደረገው ጉባኤ ባንኮች አደራጅተው የሚሠሩትን ተወሩቅ አይፈቀድም ብሏል፤ የባሕረ ሰላጤው ባንኮች ግን አልተዉትም። እኛም ነገ ወደዚያ እንሂድ የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። እኔ አልደግፈውም፤ የፕሮፎርማውን ጨዋታ ኮምፒውተር ላይ ማውጣት ነው።

ለፈርኒቸር ቤቱ የሚሆን ውል ግን በጥንቱ ፊቅህ ውስጥ አለ። ኢስቲስናዕ ይባላል፤ የሚሠራ ነገርን አስቀድሞ ማዘዝ ነው። ባንኩ እንጨት ገዝቶ ከሚሸጥለት ይልቅ ዴስኮቹን ራሱ ያዘዋል፤ መጠኑ፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ ቀለሙ፣ የማስረከቢያው ቀን ይጻፋል። ክፍያው በሥራው ደረጃ ሊከፋፈል ይችላል፦ ሲፈረም ይህን ያህል፣ ግማሹ ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ሲረከብ ቀሪው። ባንኩ በሌላ ውል እነዚያኑ ዴስኮች ለትምህርት ቤቱ ይሸጣል፤ ትርፉም በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለው ነው። ፈርኒቸር ቤቱ የተቀበለው ገንዘብ የዴስክ ዋጋ ስለሆነ እንጨት ቢገዛበት፣ መብራት ቢከፍልበት፣ ለስምንቱ ሠራተኞች ደመወዝ ቢሰጥበት ማንም አይጠይቀውም። የሐሰት ፕሮፎርማም አያስፈልግም።

የሰለም ውልም የእሱ ዘመድ ነው፤ ዋጋው ሙሉ በሙሉ ቀድሞ ይከፈላል፣ ምርቱ በቀጠሮ ይመጣል። የሱዳን ባንኮች ለገበሬው ተጠቅመውበታል፤ ለሰሊጥና ለማሽላ የሚስማማ ነው፣ ለተለየ ሶፋ ግን አይሆንም። ግብጽ ውስጥ በ1963 እ.ኤ.አ. ሚት ጋምር በምትባል የናይል ደልታ ከተማ አሕመድ አልነጃር የጀመሩት የቁጠባ ባንክም መነሻው የገጠሩ ገበሬና የእጅ ባለሙያ ነበር፤ ዘመናዊው የእስልምና ባንክ ታሪክ ከዚያ ይቆጠራል። ትልልቅ ሕንፃና የመኪና ሙራባሃ ኋላ የመጡ ናቸው።

ታዲያ ባንኮቻችን ኢስቲስናዕን ለምን አይደፍሩትም? ዋናው ምክንያት ግልጽ ነው፦ ዴስኩ ቢዘገይ ወይም ቢሰነጠቅ ትምህርት ቤቱ የሚጨቃጨቀው ከባንኩ ጋር ነው። የባንኩ ባለሙያ የእንጨት እርጥበት መለካት፣ የማሽኑን አቅም ማወቅ፣ በሥራው አጋማሽ ግቢው ድረስ ሄዶ ማየት ሊኖርበት ነው። የለመደው ግን ቤት መገመት ነው። በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽንን፣ ጥሬ ዕቃንና ተሰብሳቢ ሒሳብን በዋስትና ለመያዝ መንገድ ከፍቷል፤ የትምህርት ቤቱ ትዕዛዝ ራሱ ዋስትና ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የብድር ኮሚቴው ግን አሁንም ካርታ አምጣ ይላል። በሁለት ሽያጭ የሚያልፍ ዕቃ ሁለት ጊዜ ታክስ ይታሰብበት ወይ የሚለው ክርክርም ባንኮቹን ያስፈራል።

ሙሻረካ፣ ማለትም ባንኩ በድርጅቱ ውስጥ ሸሪክ ሆኖ ትርፍና ኪሳራ የሚጋራበት፣ ከሁሉ የሚመሰገነውና ከሁሉ የማይሠራበት ነው። ትርፍ ለመካፈል ትርፉን ማወቅ ያስፈልጋል። ለዓመታት በቁርጥ ግብር የኖረ ቤት መዝገብ የለውም፤ መዝገብ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት አለው፣ አንዱ ለገቢዎች፣ አንዱ ለራሱ። ባንኩ የትኛውን ይመን? ለገቢዎች የሚታየው ከሆነ ድርጅቱ ሁልጊዜ ይከስራል። የራሱ ከሆነ ባለቤቱ ለባንክ አያሳይም።

መዝገብ በሌለበት ቤት አንድ የማይዋሽ ወረቀት ቢኖር የደመወዝ ሊስት ነው። ስምንት ሰው በየወሩ ከተከፈለው ቤቱ ይሠራል፤ በመስከረም አምስት፣ በታኅሣሥ አሥር ከሆነ የሥራው ወቅት ይታወቃል። ደመወዙ በባንኩ ሒሳብ ቢያልፍ ባንኩ ይህን ሳይጠይቅ ያየዋል፤ ስምንት አዲስ አስቀማጭም ያገኛል። ያኔ ለኢስቲስናዕ ወይም ለሙሻረካ የሚሆን መረጃ አለ። የሸሪዓ አማካሪ ቦርዱም የውሉን ዓረፍተ ነገር ብቻ ከሚያይ፣ የሚደገፈው ድርጅት ሠራተኛውን በወቅቱ ይከፍል እንደሆነ መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄው ከሙያው ውጪ አይደለም።

ባለቤቱ ግን በባንክ መክፈልን የሚፈራበት በቂ ምክንያት አለው። ደመወዙ በሒሳብ ሲያልፍ ጡረታው ይመጣል፤ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት የእሱ 11 እና የሠራተኛው 7፣ በድምሩ 18 በመቶ ነው። የደመወዝ ግብሩም ይመጣል፤ ከ2017 ዓ.ም ማሻሻያ ወዲህ ከግብር ነፃ የሆነው 2,000 ብር ድረስ ነው፣ 9,000 ብር የሚከፈለው አናጢ ከዚያ በላይ ነው። ሠራተኛውም ቢሆን እጁ ላይ የሚገባው ሲያንስበት «በካሽ ይሁንልኝ» ይላል። ከባንኩ በኩል ይህን ወጪ የሚያካክስ ነገር፣ ማለትም ትዕዛዝ በመጣ ቁጥር ያለ ቤት ካርታ የሚፈረም ኢስቲስናዕ እስካልቀረበ ድረስ፣ ባለቤቱ ደመወዙን በፖስታ እያሸገ መስጠቱን ይቀጥላል፤ ባንኩም ስለ እሱ የሚያውቀው ፕሮፎርማው ላይ የተጻፈውን ብቻ ይሆናል።